በአንድ ስም የወረደው ፓራሹት

ተማሪዎቿ «ራዳር» ይሏታል። ፈተና ላይ ከኋላ ወንበር የተወረወረች ብጣሽ ወረቀት ሳትዞር ታያለች። የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ አስተማሪ ናት፤ ሠላሳ ዓመት ሞልቷታል፤ አላገባችም። ለምን ብሎ የሚጠይቃት ካለ «ጊዜ አጣሁ» ትለዋለች። ውሸቷን አልነበረም። ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው ስትጠላ ኖራለች፤ ጥላቻ ደግሞ ጊዜ ይበላል።

ሰውየው ዛሬ የሳተላይት መቆጣጠሪያ ጣቢያ ኢንጂነር ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳሉ ከቁመቱና ከቅጥነቱ የተነሳ «ሸምበቆ» ይባል ነበር። እሷም እንደዚያው ትጠራው ነበር፤ ብቻ በሷ አፍ ስሙ ለስለስ ይላል። የመጨረሻ ዓመት ላይ፣ መስኮቱ በማይከፈት ጠባብ ላቦራቶሪ ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ ትንሽ ሮኬት የተሸከመችውን መሣሪያ ሳይሰበር ወደ መሬት የሚመልስ ፓራሹት ሠሩ። ያን ጊዜ ጉልበታቸው ጠረጴዛው ሥር ሲነካካ ሁለቱም ሒሳቡ ይጠፋባቸው ነበር።

የፓራሹቱ ሐሳብ ግን የሁለቱም አልነበረም፤ የአባቷ ነበር። አባቷ ልብስ ሰፊ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ፓራሹቶች እንደ ሰካራም እየተወዛወዙ ወርደው መሬት ሲመቱ፣ እሳቸው ከስፌት መኪናቸው ቀና ብለው «አየሩ መውጫ የለውማ! ጠባብ ቀሚስ የለበሰች ሴት እንዴት ትራመድ? ስንጥቅ ይተውላታል እንጂ» አሉ። ደብተሯ ላይ በእርሳስ ሣሉና ጨርቁ ላይ ስምንት ስንጥቅ አወጡለት። ከዚያ ወዲያ ፓራሹቱ ቀጥ ብሎ፣ ምንም ሳይወላገድ ወረደ።

ዩኒቨርሲቲው ፓራሹቱን በሸለመበት ቀን አባትየው ራሳቸው የሰፉትን ሙሉ ልብስ ለብሰው አዳራሹ ውስጥ ተቀመጡ። ሸምበቆ መድረክ ላይ ወጥቶ ስለ ስምንቱ ስንጥቅ አስረዳ። ከሽልማቱ ወረቀት ላይ የተነበበው ስም አንድ ብቻ ነበር፤ የሱ። እናቱ የፋኩልቲው ዲን ነበሩ። ራዳር ስሟን ማን እንደሰረዘው ለማወቅ አልደከመችም። ሲነበብ አፉን ዘግቶ የቆመውን አየችው፤ እሱ በቃት። አባቷ ግን አጨበጨቡ። ቤታቸው በር ላይ ሲደርሱ «ጥሩ አድርጎ አስረዳ» አሉ።

ሸምበቆ በዚያ ሽልማት ውጭ አገር ሄዶ ተማረ። ሰባት ደብዳቤ ጻፈላት። ሰባቱንም ሳትከፍት «ተቀባይ የለም» ብላ መለሰች። ፖስተኛው «ኧረ ይሄው ቆመሽ የለም እንዴ!» ቢላት «እኔ አይደለሁም» አለችው።

ከሦስት ዓመት በፊት ተመልሶ መጣ። ቴሌስኮፕና የሮኬት ሞዴል በመኪና ጭኖ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት እየዞረ ስለ ጠፈር ያስተምር ጀመር። በየዓመቱም ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ውድድር ያዘጋጃል። የሷ ትምህርት ቤት ተራ ሲደርስ ግን ረዳቱን ይልካል። «ፈሪ!» አለች ራዳር። ከዚያም ሦስት ሴት ተማሪዎቿን ሰብስባ «ዘንድሮ እንወዳደራለን» አለቻቸው።

ከውድድሩ ሦስት ቀን በፊት ወደ አባቷ ሱቅ ገባች። ቀይ የናይለን ጨርቅ ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

«አባዬ፣ ያንን ፓራሹት ስፋልኝ።»

«የትኛውን?»

«ታውቀዋለህ።»

አባትየው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ። «ልጆቹኮ የራሳቸውን ትንሽ ሰማያዊ ፓራሹት ሠርተው አሳይተውኛል። ስፌቱ ትንሽ ጠመም አለ እንጂ ደህና ነው።»

«ትልቁ ይሻላል።»

«ለልጆቹ ነው ወይስ ለሱ?»

«ለልጆቹ ነው አልኩ እኮ!»

«አላልሽም። አሁን ነው ያልሽው።» ጨርቁን በጣታቸው አሻሹት። «ክር ለመምረጥ ብዬ ነው። ለልጆቹ ከሆነ ጠንካራውን አወጣለሁ። ለበቀል ከሆነ የትኛውም ክር ይበቃዋል።»

አልሳቀችም። እሳቸውም መስፋት ጀመሩ። እሷ ከመደርደሪያው ላይ የዩኒቨርሲቲ ደብተሯን አወረደች። የስንጥቆቹ ሥዕል ያለበትን ገጽ ሳትፈልግ አገኘችው፤ ስንት ጊዜ ከፍታዋለች! ከሱቁ ስትወጣ ደረቷ ውስጥ የሚንተከተከው ነገር ደስታ ይመስል ነበር። ደስታ ግን እንዲህ ጥርስ አያስነክስም።

ውድድሩ የተካሄደው አገልግሎት ባቆመ የአውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ላይ ነበር። እያንዳንዱ ቡድን የለስላሳ ቆርቆሮ የምታክል ትንሽ ሳተላይት ሠርቷል። ድሮን በኖራ ከተሠመረ ክብ መሃል ሁለት መቶ ሜትር ከፍ አድርጎ ይለቃታል፤ እሷም የአየሩን ሙቀትና ግፊት እየለካች፣ በሬዲዮ ወደ ላፕቶፕ እየላከች ትወርዳለች። ክቡ ውስጥ ካረፈች ሙሉ ነጥብ ታገኛለች። ከመሃል እስከ ክቡ ጠርዝ መቶ ስልሳ ሜትር ነው። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የሚወጡት ቡድኖች ክረምቱን ሳተላይት ጣቢያው ውስጥ ይሠለጥናሉ።

መመዝገቢያው ጠረጴዛ ላይ ዋናው ዳኛ ሸምበቆ ራሱ ነበር። ቅጥነቱ አልለቀቀውም፤ ጆሮ ግንዱ ላይ ጥቂት ሽበት ጣል ጣል ብሎበታል። የቡድኑ መሪ፣ ጓደኞቿ «ካልኩሌተር» የሚሏት የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ፣ ቆርቆሮዋን ሚዛን ላይ አስቀመጠች። ራዳር ቀዩን ፓራሹት ከጎኑ አኖረች።

የዳኛው እጅ ጨርቁ ላይ እንደደረሰ ቆመ።

«ስንጥቁ ስንት ነው?» አለ፣ ቀና ሳይል።

«ስምንት» አለች ካልኩሌተር።

ያን ጊዜ ቀና አለ። ዓይን ለዓይን ተያዩ። ራዳር ይህችን ቅጽበት ስታልም ስምንት ዓመት ኖራለች፤ ዓይኑ ውስጥ ድንጋጤ፣ ፍርሃት፣ ኀፍረት ልታይ ነበር የመጣችው። ያየችው ግን ሌላ ነው። ደስታ ነበር! ባዶ ቤት ውስጥ ሆኖ በሩ ሲንኳኳ የሰማ ሰው ፊት ነበር።

«ደህና ነሽ?» አላት፣ ለመስማት በሚያስቸግር ድምፅ።

«ክቡር ዳኛ፣ ሥራዎን ይሥሩ እንጂ! ከኋላችን ሰልፍ አለ» አለችው።

«እርስዎ» ማለቷ እንደ ጥፊ እንዲሰማው ፈልጋ ነበር። ተሰማውም፤ ፊቱ ቀላ። እሷ ግን ከሰልፉ ስትወጣ ዞራ ልታየው መፈለጓ አናደዳት።

ተራቸው ሲደርስ ንፋሱ ተነሣ። የሜዳው ዳር ሣር ሁሉ ወደ አንድ ወገን ተኛ። ካልኩሌተር ከንፋስ መለኪያው ወደ ራዳር እየሮጠች መጣች።

«ቲቸር፣ ፓራሹት እንቀይር! ንፋሱ በሰከንድ ስድስት ሜትር ነው። በቀዩ ከወረደች አርባ ሰከንድ አየር ላይ ትቆያለች፤ ሁለት መቶ አርባ ሜትር ይወስዳታል። በሰማያዊው ግን ሃያ አምስት ሰከንድ ነው፤ መቶ ሃምሳ። ክቡ ውስጥ ነን! ጠርዙ ላይ ብንሆንም ውስጥ ነን!»

ሒሳቡ ልክ ነበር። ራዳር ልጅቷ ተናግራ ሳትጨርስ ልክ መሆኑን አውቃለች። ከሜዳው ማዶ ሸምበቆ ከዳኞቹ መሃል ቆሞ ወደነሱ ያያል። ሰማያዊው ከወረደ ምን ሊያይ ነው? ያ የሰረቀው ነገር በሰው ሁሉ ፊት፣ ከሰማይ ላይ፣ ቀስ ብሎ ሲወርድበት ካላየ ምኑን በቀል ሆነ?

«በቀዩ ነው» አለች።

«ቲቸር፣ ግን እኮ…»

«በቀዩ ነው አልኩ!»

ድሮኑ ወጣ፤ ቆርቆሮዋን ለቀቃት። ቀዩ ፓራሹት ተከፈተ። ስምንቱ ስንጥቅ አየሩን እያሳለፈ ምንም አልተወዛወዘም፤ እንዲህ ያማረ አወራረድ በዚያን ቀን አልታየም። እንዳማረበትም ክቡን አለፈ፣ ሜዳውን አለፈ፣ የሽቦ አጥሩን ተሻግሮ ከአንድ መጋዘን ጣሪያ ጀርባ ተሰወረ።

ከልጆቹ አንዷ ጃኬቷን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ካልኩሌተር አላለቀሰችም። ላፕቶፑን ዘጋችና ወደ አስተማሪዋ ዞረች።

«ቲቸር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ? ይሄ በረራ የማን ነበር?»

ልጅቷ መልሱን ሳትጠብቅ ሄደች፤ ያ ደግሞ ከስድብ ይበልጥ አመማት።

ከሰዓት በኋላ አዳራሹ በተማሪ፣ በወላጅና በአስተማሪ ተሞላ። ካልኩሌተር ዓይኗ ቀልቶ፣ ድምፅዋ ግን ጠንክሮ ሥራቸውን አቀረበች። ቆርቆሮዋ ከአጥሩ ማዶ እስክታርፍ ድረስ አንድም ቁጥር ሳታቋርጥ ልካ ነበር። ሰው አጨበጨበ። ከዚያ ምክትል ዳኛዋ፣ ዕድሜያቸውን የአየር ትንበያ ላይ የጨረሱ ሴትዮ፣ ማይክሮፎኑን ወሰዱ።

«ጎበዞች ናችሁ። አንድ ነገር ግን ቅር አለኝ፣ ልጄ። ይሄ ባለ ስምንት ስንጥቅ አሠራር የታወቀ የዋናው ዳኛችን ሥራ ነው። ከሰው ስትወስዱ ከማን እንደወሰዳችሁ ለምን አልጻፋችሁም?»

ካልኩሌተር አንገቷን ደፋች። የሰረቀች ልጅ መስላ መድረኩ ላይ ቀረች።

ራዳር ከመቀመጫዋ ተነሣች።

«ይህን ጥያቄ ስምንት ዓመት ጠብቄዋለሁ» አለች፤ ማይክሮፎን አላስፈለጋትም። ደብተሩን ይዛ ወደ መድረኩ ወጣችና ልጅቷ አጠገብ ቆመች። «ይሄ ሥዕል በእርሳስ የተሣለ ነው። የሣሉት አባቴ ናቸው፤ ልብስ ሰፊ ናቸው። ቀኑ ከላይ ተጽፏል፤ ዋናው ዳኛ ከተሸለሙበት ቀን አምስት ወር ይቀድማል። ሒሳቡ የኔ ነው። ከጎኑ ደግሞ በሌላ ሰው እጅ ‹አባትሽ ሊቅ ናቸው!› የሚል አለ። ክቡር ዳኛ፣ ይሄ የማን ጽሑፍ ነው?»

የሰው ሁሉ አንገት ወደ ዳኞቹ ጠረጴዛ ዞረ። ሸምበቆ ተነሣ።

«የኔ ነው።»

«ፓራሹቱስ የማን ነው?»

«የአባትሽ ነው። ሒሳቡ ያንቺ ነው። እኔ የሠራሁት የሮኬቱን ቱቦ ብቻ ነው።»

«ታዲያ ስምዎ ብቻውን ምን ይሠራ ነበር?»

«ስምሽ ሲሰረዝ አውቅ ነበር» አለ። «እናቴ ወረቀቱን አሳየችኝ። ሁለት ስም ካለ ዕድሉ ለሁለት ይከፈላል አለችኝ፤ የልብስ ሰፊ ልጅ ምን ቸገራት አለችኝ። እኔም ዝም አልኩ። ማንም አላስገደደኝም። ሰረቅኩ።»

የዳኝነት ባጁን ከአንገቱ አውልቆ ሴትዮዋ ፊት አስቀመጠው። ከኋላ አንድ ድምፅ «ሌባ!» ብሎ ጮኸ፤ ሌሎችም ተቀበሉት።

ሕልሟ ሁልጊዜ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነበር። ከዚህ በኋላ ምን እንደሚደረግ አስባው አታውቅም። ስድቡ ይጣፍጣት ዘንድ ጠበቀች፤ ትንሽም ጣፈጣት፣ ራሷን አላታለለችም። ያኔ ነው የካልኩሌተርን ዓይን ያየችው። ልጅቷ ዳኛውን አልነበረም የምታየው። እሷን ነበር።

«አንድ ነገር ይቀራል» አለች ራዳር፤ ድምፅዋ ወረደ። «ዛሬ ንፋሱ ሲነሣ ተማሪዎቼ ትንሹን ፓራሹት እንጠቀም ብለው ለመኑኝ። ሒሳባቸው ልክ ነበር። እኔ እምቢ አልኩ። ቀዩን እኚህ ሰውዬ እንዲያዩት ፈልጌ ነው። በነሱ በረራ የራሴን ቂም ነው ያወረድኩት። የጠፋው ነጥብ የኔ ጥፋት ነው። እሱንም ጻፉልኝ።»

ሴትዮዋ ወረቀታቸው ላይ ጫር ጫር አደረጉ። «ጽፈነዋል» አሉ። «ሕጉ ግን ሁለተኛ በረራ አይፈቅድም፣ ልጄ።»

ቡድኑ አራተኛ ወጣ። በሁለት ነጥብ ተበለጡ።

ራዳር ልጆቹን በረንዳው ላይ አገኘቻቸው። ይቅርታ ስትጠይቃቸው ሁለቱ አቅፈዋት አለቀሱ። ካልኩሌተር ግን እጇን እንዳጣመረች ቆማ ቀረች።

«የሚመጣው ዓመት እንወዳደራለን» አለች። «ፓራሹቱን የምንመርጠው ግን እኛ ነን።»

«እናንተ ናችሁ።»

«ቲቸር፣ አሁንም ተናድጄብዎታለሁ።»

«ተናደጂ፤ መብትሽ ነው።» እንዲህ ስትል፣ እሷን ማንም ብሏት የማያውቀውን ቃል ለሌላ እየሰጠች መሆኑ ተሰማት።

ልጆቹ ቆርቆሯቸውን ሊፈልጉ ወደ መጋዘኑ ሄዱ። እሷ ብቻዋን ደረጃው ላይ ቀረች። ከኋላዋ የእግር ድምፅ ሰማች፤ ሳትዞር አወቀችው።

«ደስ አለሽ?» አላት። ሊወጋት አልነበረም፤ ከልቡ ነው የጠየቃት።

«አዎ። ቢደገምም አልጠላም።»

«ይገባኛል።»

«አይገባዎትም! አባቴ አጨብጭበው ወደ ቤት ሲገቡ እርስዎ አላዩም። የሰባት ደብዳቤ ጉንጭ አልፋ ወሬ ይበቃታል ብለው አስበው ነበር?»

«ደብዳቤዎቹን አምና ከፍቼ አነበብኳቸው» አለ። «ሁሉም ውስጥ ‹ናፈቅሽኝ› የሚል አለ። ‹እናቴ እንዲህ ብላኝ ነው› የሚልም አለ። ሰባቱም ውስጥ ‹ሰረቅኩሽ› የሚል አንድ መስመር የለም። ደግ አደረግሽ የመለስሻቸው።»

ያልጠበቀችው መልስ ነበር። ሲከራከራት የምትመልስለትን ሁሉ አዘጋጅታ ነበር፤ ሲስማማ ግን ምን ይባላል?

«እንደመጣሁ አባትሽ ሱቅ ሄጄ ነበር» አለ።

«አባዬ ጋ? አንተ? በምን ዓይንህ?»

«አንተ አልሽኝ።»

«አፌን አዳልጦኝ ነው። ምን አሉህ?»

«እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ‹ልብስ እየተኮስኩ ነው፣ ትቃጠላለህ› አሉኝ። ከዚያ ‹ለኔ አትንገረኝ። የወሰድከው አዳራሽ ውስጥ ነው፤ አዳራሽ ውስጥ መልሰው› አሉ። ሦስት ዓመት ሙሉ ፈራሁ። ትምህርት ቤትሽ በር ላይ ሁለት ጊዜ ደርሻለሁ፤ ተማሪ ስትቆጪ ሰምቼሽ ተመለስኩ። ዛሬም አንቺ ባትነሺ እፈራ ነበር። ስለዚህ ተጸጽቼ ተናዘዝኩ አልልሽም። ተይዤ ነው።»

«አልማርኩህም።»

«አውቃለሁ።»

«እናትህንም አልምራቸውም።»

«እሷን ለኔ ተዪልኝ። ዛሬ ቤት ስገባ የምትለኝን ብትሰሚ ታዝኚልኝ ነበር።»

ሳቋ ሊያመልጣት ነበር። ከንፈሯን ነክሳ መለሰችው፤ ዓይኗ ግን እንባ ሞላ፤ ያንን መመለስ አቃታት።

«ጠዋት» አለች፣ «ጠረጴዛው ላይ ያንን ጨርቅ ስታይ ለምን ደስ አለህ? አየሁህ። ልታፍር ሲገባህ ደስ አለህ!»

«ልትበቀዪኝ እንደመጣሽ ወዲያው ገብቶኛል» አለ። «ግን መጣሽ። ስምንት ዓመት አንቺን ስጠብቅ፣ ለምን እንደምትመጪ መምረጥ ትቼ ነበር።»

ንፋሱ በመሃላቸው አለፈ። ራዳር በውስጧ ያንን የለመደችውን ንዴት ፈለገችው፤ በየማለዳው ስትነሣ ከአልጋዋ ጠርዝ የሚጠብቃትን፣ ስትሠራ ጀርባዋን የሚያቀናላትን። አላገኘችውም። ዛሬ ሁሉንም አውጥታ ጨርሳዋለች። ከሥሩ ምንም ያለ አልመሰላትም ነበር። ነበረ እንጂ! ስምንት ዓመት ሙሉ ሳይነካ፣ ሳያረጅ፣ እዚያው ጠባብ ላቦራቶሪ ውስጥ እንደተወችው።

«ሂድ» አለችው። «አሁን ሂድልኝ።»

«እሺ» አለ። አልለመናትም፤ እጇንም አልያዘም። ደረጃውን መውረድ ጀመረ።

እሷ ከላይ ሆና ቀጭን ጀርባውን በዓይኗ ተከተለች። ክፉ ሥራውን አንድ በአንድ ልትጠራ ሞከረች፤ ከሁለተኛው አላለፈችም። ዞሮ እንዲህ ሆና እንዳያያት ፈራች፤ ሳይዞር እንዳይሄድ ደግሞ ይበልጥ ፈራች።